የእትዬ ዘቢደር ቅምሻ

እትዬ ዘቢደር ጠጪ አልነበረችም። ይህን በመቱ ከተማ የማይመሰክርላት ሰው የለም። ዕድሜዋን ሙሉ ጠጅ ስትጥልና ስትሸጥ ኖራ፣ አንድ ቀን ብርሌ ስትጨልጥ፣ አንድ ቀን ሞቅ ብሏት ነጠላዋ ሲንሸራተት ያያት የለም። እሷ ቀማሽ ነበረች። ቀማሽና ጠጪ ደግሞ ለየቅል ናቸው፤ ቢያንስ እሷ እንደዚያ ታምን ነበር። ጉድ የሠራትም ይኸው እምነቷ ነው።

ጠጅ የሚቀዳ ሰው ብርሌውን ለእንግዳው ከማቀበሉ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። «ምንም የለበትም፤ ከሞትንም አብረን ነው» ማለቱ ነው። ሌሎቹ ጠጅ ቤቶች ይህን ወግ ከተዉት ቆይተዋል፤ ማን ጊዜ አለው! ዘቢደር ግን የእናቷን ቤት ወግ አልጣለችም። ለእያንዳንዱ ብርሌ አንድ መዳፍ። በገበያ ቀን ስንት ብርሌ እንደሚወጣ አስባው አታውቅም። በዚያ ላይ የጋኑ ቅምሻ አለ፤ ጌሾው በቃው ወይ፣ ጠጁ ገና ጉሽ ነው ወይስ በስሏል፣ ትናንት የጣፈጠው ዛሬ ኮምጥጦ እንደሆነስ? ምሳ ሳይበሉ መዋል ይቻላል፤ ጠጅ ሻጭ ግን ሳትቀምስ አትውልም።

ዓይኗ ቢጫ መሆን ሲጀምር ጎረቤት «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ቅጠል ጨመቀላት። እግሯ ሲያብጥ «ቆመሽ ስለምትውይ ነው» አላት። ሆዷ ሲነፋ ግን የሚላት ነገር ጠፋ፤ ሆስፒታል ሄደች።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ጎኗን ተጭኖ ተጭኖ ሲያበቃ፣ «ይጠጣሉ?» አላት።

«ኧረ እኔ! ጠጥቼም አላውቅ» አለች ቅር ብሏት።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ጠጅ ሻጭ ነኝ።»

ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት። «ይቀምሳሉ?»

«መቅመሱንማ እቀምሳለሁ። ሳይቀመስ ለሰው ይሰጣል እንዴ?»

«እትዬ፣ ጉበትዎ የጠጪ ጉበት ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እርስዎ ቅምሻ ይበሉት፤ ጉበት ይህን አይለይም። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ጠብታ እንዳይነኩ። ጨው ይቀንሱ፣ ጮማ ይተዉ፣ ጠዋት ጠዋት በእግርዎ ይሂዱ። ከተዉት ገና ይድናል። ካልተዉት ግን...» አለና ዝም አለ። ያ ዝምታ ነው እስከ ቤቷ ድረስ የተከተላት።

ሞቱን ለራሷ ብቻ ብትፈራው በቀለላት ነበር። ባሏ አሰፋ የቡና መኪና ሹፌር ነበር፤ በበደሌ መንገድ ተገልብጦ ከሞተ ወዲህ የቀረቻት ጥሩ የምትባል አንዲት ልጅ ናት፤ ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ። የዘቢደር አባት ከመንዝ የመጣ ነው፤ ዘመድ ቢፈለግ ከዚያ ማዶ ነው። እሷ ከሞተች ልጅቷ ብርሌ በእጇ ይዛ በሰካራም መሐል ልትቀር ነው። ይህን ስታስብ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከዓይኗ ይሸሻል።

ስለዚህ ተወችው። ሞትን ፈርታ ተወችው፤ ሁለት ሳምንት ያህል ፈራች፣ ከዚያ አንድ የቡሬ ነጋዴ «ምነው እትዬ፣ ለእኛ ሲሆን ጊዜ ቅምሻው ቀረ?» ብሎ ሲያኮርፍ፣ መዳፏ ሳታዘው ሄደ። ለልጄ ስል ብላ ተወችው፤ ጥምቀት ደረሰና ቤቱ ጢም ሲል ረሳችው። በመጨረሻ ለእመቤታችን ጃንጥላ ተሳለች። ስለቷን ያፈረሰችው በዚያው በማርያም ዕለት ነው፤ ከጋኑ አፍ ላይ ጎንበስ ብላ፣ መብሰሉን ላረጋግጥ ብላ። እስከዚያ ቀን የምትፈራው ጉበቷን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሰማዩንም ትፈራ ጀመር።

ምድሩስ ቢሆን መች ያስቀምጣል! ዘመኑ የደርግ ነው፤ ቀይ ሽብሩ በርዷል ቢባልም ሰው ገና እየተሳቀቀ ነው የሚያወራው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል የለ፤ ለመጠጣት የሚመጣ እንዳለ ሁሉ የሌላውን ሆድ ሲወጣ ለመስማት የሚመጣም ነበር። ከእነሱ ዋናው የቀበሌው ሊቀ መንበር ዳምጤ ነው። ድሮ ልብስ ሰፊ ሳለ «እትዬ ዘቢደር፣ እንደምን ዋሉ» ብሎ እጅ የሚነሳ ጨዋ ሰው ነበር። ሽጉጥ ከታጠቀ ወዲህ «እርስዎ» የምትለዋ ቃል ከአፉ ጠፍታለች። ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ በሩን እያየ ይቀመጣል።

ያን ሰሞን ደግሞ አንድ ወሬ ከወደ ኡካ መጣ። አንድ ሹም ጠጅ ጠጥቶ ባደረበት ሞተ፤ መርዘውት ነው ተባለ። ጉበቱ ይሁን መርዙ ማን ያውቃል? ብቻ ዳምጤ ከዚያ ወዲህ ዘቢደር ካልቀመሰች ብርሌ አያነሳም። ያውም ዓይን ዓይኗን እያየ፣ ጉሮሮዋ መዋጡን ሳያረጋግጥ አይጠጣም። የእናቷ ወግ የዳምጤ ዘብ ሆኖ አረፈው።

«ሐኪም ከልክሎኛል» ብትልስ? ይህንንም አስባዋለች። ችግሩ በዚያ ዓመት «አልጠጣም» ማለት ራሱ ነገር ነበር። ሱቅ ያለው ኑረዲን ባይጠጣ ማን ምን ይለዋል፤ እስላም ነው። ክርስቲያን ነኝ እያለ የማይጠጣ ግን አንድ ስም ብቻ ነው ያለው፤ ጴንጤ። ከያዮ ማር የምታመጣላት ዲንቄ ጴንጤ ናት። የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ቆይቷል፤ ባሏን ሠርግ ቤት «አልጠጣም» ባለ በሳምንቱ ወስደው አስረውታል። ዲንቄ ማሯን አራግፋ ውሃ ጠጥታ ስትሄድ ዘቢደር በሩን ከፈት አድርጋ ማን እንዳያት ትቃኛለች። እንግዲህ ብትቀምስ ጉበቷ፣ ባትቀምስ ዳምጤ።

አንድ ጠዋት ይህን ሁሉ ይዛ ንስሐ አባቷ አባ ገብረ መስቀል ዘንድ ሄደች። አባ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለች ጎጆ ነው የሚኖሩት። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጎመናቸውን ግን በዳበሳ ያርሙታል። ከመደቡ መሐል አገኘቻቸውና የሆነውን ሁሉ ነግራ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«አባቴ፣ ይገዝቱኝ!»

«ምን ብዬ?»

«‹ጠጅ ብትቀምሺ ከክርስትና የተለየሽ ሁኚ› ይበሉኝ። ግዝት ካለብኝ አልነካውም።»

አባ ጎመኑን ትተው ተቀመጡ። «ሐኪሙ ‹ትሞቻለሽ› አለሽ፤ ነካሽው። ለልጄ ስል አልሽ፤ ነካሽው። ለእመቤታችን ተሳልሽ፤ እሱንም አፈረስሽው። አሁን ገሃነምን ልጨምርልሽና እሱንም ፈርተሽ ልትነኪው?»

ዘቢደር አለቀሰች። ማልቀስ ብቻ አይደለም፣ ተናደደች። ይህን ያህል ሽቅብ ወጥታ፣ እግሯ እያበጠ፣ የመጣችው እኮ አጥብቆ የሚያስፈራራት ፍለጋ ነው።

«ልጄ፣ ፍርሃት የቤት ውሻ ነው» አሉ አባ። «ይጮኻል፤ ሲደክመው ደግሞ ይተኛል። እሱ ሲተኛ ነው መዳፍሽ የሚነሳው። ይልቅ ንገሪኝ፤ ልጅ ሳለሽ ትቆርቢ ነበር?»

«እናቴ አዝላ ትወስደኝ ነበር።»

«ቆርበሽ ስትወጪስ?»

«አፌን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍንልኛለች። ‹እንዳትተፊ፣ እንዳትሮጪ፣ እሾህ እንዳይወጋሽ፣ እንግዳ አለብሽ› ትለኝ ነበር።»

«ታዲያ ያን ቀን የማትተፊው እናትሽን ፈርተሽ ነው?»

ዘቢደር አሰበች። «አይ። ደስ ይለኝ ነበር። ራሴን እንደ እንቁላል ይዤ ነበር የምውለው።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ማታ።»

«ማታ እንግዳው የት ሄደ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አባቴ?»

«ማን ሸኘው?» አሉ አባ፣ ፈገግ ብለው። «በአፍሽ ገብቶ በሆድሽ ያደረውን ማን ነው ‹በል ደህና ሂድ› ያለው? ዕድሜሽን ሙሉ ለእንግዳ ስትይ ቀመስሽ። አሁን ለእንግዳ ስትይ ተዪዋ! ግዝት የለም። ንስሐሽን ተናገሪ፣ ተዘጋጂና ቁረቢ።»

«ጠጅ ሻጭ ይቆርባል እንዴ?»

«የቀራጭ ቤት የገባ ጌታ ጠጅ ቤት ይፈራል?»

«ብወድቅስ?»

«ቤትሽን የምትጠርጊው ስለማይቆሽሽ ነው? ይቆሽሻል፤ ትጠርጊያለሽ። ብቻ እንግዳ ያለበት ቤት ነውና መጥረጊያውን አትጣዪው።» ይህን ብለው እጃቸውን ወደ ሥሯ ላኩ። «ተነሺ አሁን፤ ጎመኔ ላይ ነው የተቀመጥሽው።»

ዘቢደር በጾመ ፍልሰታ ማብቂያ ቆረበች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉ ነገር ቀና እንዳልል፤ አልቀናም። ገበያው ሲጦፍ መዳፏ ራሱን ችሎ ወደ አፏ ይሄዳል፤ ግማሽ መንገድ ላይ ነው የምትይዘው። አንድ ቀን ከንፈሯ ደርሶ መለሰችው፤ ጠጁን በቀሚሷ ጠርጋ ጓዳ ገባች። በማግስቱ አንድ ዘዴ መጣላት። ስትቀዳ የነጠላዋን ጫፍ እንደ ቆራቢ አፏ ላይ አደረገችው። መዳፏ ሲመጣ ነጠላውን ያገኛል፤ ነጠላውን ሲያገኝ ታስታውሳለች። ስታስታውስ የሚሰማት ድንጋጤ አይደለም፤ እናቷ ጀርባ ላይ ሆና የሚሰማት የነበረው ያ እንቁላል የመያዝ ነገር ነው።

ጠዋት ጠዋት ኪዳን ለማድረስ ዳገቱን ትወጣለች። መጀመሪያ ሦስት ቦታ ታርፍ ነበር፣ ኋላ አንድ ቦታ። ጨው የሌለው ወጥ እንደ ቅጣት መብላቷ ቀረ። የእንግዳ ምግብ ነው ትላለች ለራሷ፤ ልጇ ጥሩ «ምን ዓይነት እንግዳ ነው ጨው የማይወድ?» ብላ ትስቅባታለች። ዓይኗ ነጣ። እግሯ ግን ማታ ማታ አሁንም ያብጣል።

ጠጪዎቹ መጀመሪያ «ጉንፋን ነው?» አሏት፤ ኋላ ለመዱት። ዳምጤ ለካድሬ ትምህርት አዲስ አበባ ሄዶ ስለነበር እንደ ልብ ተነፈሰች። ያልለመደችው ዲንቄ ብቻ ናት።

«ያ ዘቢደር፣ ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?» አለች ማሩን እያራገፈች። «ጥርስሽን ነው?»

ዘቢደር እውነቱን ነገረቻት። ዲንቄ ፊቷ በደስታ በራ፤ ወዲያው ግን ጨለመ።

«እህቴ፣ ደስ ብሎኛል። ግን እኛን ያሰሩን ‹አንጠጣም› ስላልን ብቻ ነው። አንቺ ደግሞ አፍሽን ሸፍነሽ በሰው ፊት! ሰውየው ሲመለስ ምን ትያለሽ?»

«እንጃ» አለች ዘቢደር። እውነትም አታውቅም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ዳምጤ በኅዳር ተመለሰ፤ ቅዳሜ ገበያ ሲበተን ሁለት ሰዎች አስከትሎ ገባ። ከመሐል አገር የመጡ ናቸው፤ አንደኛው መነጽር ያደረገ፣ ካኪ የለበሰ፣ ሌላው ዝምተኛ። አንዳንዱ ብርሌውን ሳይጨርስ ሹልክ ብሎ ወጣ።

«ጓዶች የያዮን ማር ዛሬ ነው የሚያውቁት» አለ ዳምጤ። «ቅጂ።»

ዘቢደር ሦስት ብርሌ ቀዳች። አኖረችላቸው። ማንም አላነሳም።

«ቅመሺ እንጂ» አለ ዳምጤ።

«ሐኪም ከልክሎኛል፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«ለዛሬ ቅመሺ።»

«አልችልም።»

ባለ መነጽሩ ቀና አለ። «አፏን የሸፈነችው ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ፣ ዳምጤን እንጂ እሷን ሳያይ። ከዚያ «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋ ስንጥር» አለና ሳቀ። አብሮት የሳቀ አልነበረም።

ዳምጤ ፊቱ ጠቆረ። «ጴንጤ ሆንሽ እንዴ አንቺ? ከዚያች የያዮ ሴትዮ ጋ ስትሾካሾኪ ከርመሻል አሉ።»

ዘቢደር መልስ ስትፈልግ ጥሩ ከጓዳ ብቅ አለች። ሁሉን ሰምታለች። ፊቷ አመድ መስሏል፣ ግን ፈገግ ለማለት ትታገላለች።

«ጋሼ ዳምጤ፣ እኔ ልቅመስ» አለች። ሳትጠብቅም ብርሌውን አነሳች፤ አዘነበለች፤ ጠጁን በመዳፏ ላይ ጠብ አደረገች።

ዘቢደር ያን መዳፍ አየችው። ጠበብ ያለ፣ ጣቶቹ ገጠም ያሉ፣ አንዲት ጠብታ የማያፈስ መዳፍ። የራሷ መዳፍ ነው። ማንም አላስተማራትም፤ ስታይ አድጋ ነው። መዳፉ ወደ አፍ ሲነሳ ዘቢደር ምንም አላሰበችም፤ እጇን ሰነዘረችና መታችው። ጠጁ ተረጨ፤ ብርሌው ወድቆ ተሰበረ፤ የካኪው ሱሪ ራሰ።

ባለ መነጽሩ ተነሳ፤ እጁም ወገቡ ጋ ሄደ። «ልጅሽ እንዳትቀምስ የምትከለክይው ለምንድን ነው? መርዝ አለበት?»

የመንግሥት ሰው በሽጉጥ ሲጠይቅ መልሱ አጭር መሆን አለበት፤ የሷ ግን አጭር አልነበረም። ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

«ለእናንተ የለበትም» አለች። «ለእኔ አለበት። ለእንግዳ ክብር እያልኩ በመዳፌ ስጠጣው ኖሬ ጉበቴን በላው። ልጄ በዚህ መዳፍ አትጀምርም። ከፈለጋችሁ እሰሩኝ፤ እሷ ግን አትቀምስም።» ጎንበስ ብላ ቀሚሷን ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ አደረገችና አውራ ጣቷን ቅልጥሟ ላይ ተጫነች። ስታነሳው ሥጋው ተሰርጉዶ ቀረ። «ይኸው እዩት። የቅምሻ ነው።»

ባለ መነጽሩ አላመነም። ዳምጤ ግን የተሰረጎደውን ቦታ እያየ ፈዞ ቀረ። ሞልቶ እስኪመለስ ድረስ ዓይኑን አላነሳም።

«ይህ ወሬ ነው» አለ ባለ መነጽሩ። «ማን ይቀምሰው? ቀበሌው የእርስዎ ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

ዳምጤ ከቀሩት ብርሌዎች አንዱን አነሳ። ብዙ ዓመት ሲቀመስለት የኖረ ሰው መዳፉን እንዴት እንደሚያደርግ እንኳ አያውቅም፤ ግማሹ በጣቶቹ መሐል ፈሰሰ። ቀመሰ። ቤቱ ሁሉ ጉሮሮውን አየ። ሰዎቹ ጥቂት ጠበቁና ጠጡ፤ ባለ መነጽሩ «ጠጁስ ጥሩ ነው» አለ። ሲወጡ ዳምጤ በሩ ላይ ዘወር አለ።

«ነገ ጠዋት ቀበሌ ትመጫለሽ። ብቻሽን።»

በዚያ ዘመን «ብቻሽን» የምትባል ቃል ምን እንደምትሸከም የኖረበት ያውቃል። ጥሩ ስታለቅስ አመሸች። ዘቢደር ግን ቤቱን ጠረገች፤ ለልጇም ካልተመለስኩ ከዲንቄ ጋር ያዮ ውረጂ ብላ አዘዘቻት። ፍርሃቱ አልለቀቃትም፤ ማንም እንዳይዋሽላት። አንድ ነገር ግን ራሷን አስገረማት። ጋኑ እዚያው አጠገቧ ነበር፤ ድሮ ቢሆን እንዲህ ስትጨነቅ አንድ መዳፍ ያረጋጋት ነበር። ያን ማታ ትዝም አላላት።

በማግስቱ እሑድ ነው። ቀድማ ማርያም ሄዳ ቆረበች። ከዚያ አፏን እንደሸፈነች፣ እሾህና ድንጋይ እየመረጠች ቁልቁል ወረደች። በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከዳምጤ በቀር ሰው የለም። ገባች። ዳምጤ ተነስቶ በሩን ዘጋው፤ መቀርቀሪያውንም ወረወረው። መስኮቱንም ገጠመው። «ጌታዬ፣ ጥሩን አደራ» አለች ዘቢደር በልቧ።

«ይቀመጡ፣ እትዬ ዘቢደር» አለ ዳምጤ።

የተሳሳተች መሰላት። «እትዬ» ካላት ስንት ዘመኑ!

ዳምጤ ሽጉጡን ፈትቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እሷ ስቦ፣ የሱሪውን እግር ወደ ላይ ሰበሰበ፤ ካልሲውን ዝቅ አደረገ፤ አውራ ጣቱን ቅልጥሙ ላይ ተጭኖ አነሳ። ሥጋው ተሰርጉዶ ቀረ።

«የእርስዎም እንዲህ ነው የጀመረው?»

ዘቢደር ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ሐኪሙ ከፋሲካ በፊት ነግሮኛል። ፈርቼ ተውኩት፤ ሳምንትም አልሞላሁ። ለልጆቼ ስል ብዬ ተውኩት። አዲስ አበባ ስሄድ እዚያ አልጠጣም ብዬ ነበር፤ ‹የማይጠጣ ጓድ ምን ይደብቃል?› አሉኝ፤ ጠጣሁ።» ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «እርስዎ ትናንት በሽጉጥ ፊት እምቢ አሉ። እኔ በብርሌ ፊት እንኳ እምቢ ማለት አቅቶኛል። ምንድን ነው የያዘዎት? እንዴት ነው የሚጸናው?»

ወጥመድ ይሆን? ዘቢደር ፊቱን መረመረች። «ሐኪም» ብትል ያልፋል፤ ውሸትም አይሆንም። ሌላውን ብትናገር ግን ይህ ሰው ሊቀ መንበር ነው፤ መሳቢያው ደግሞ ሩቅ አይደለም። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ጠበቅ አደረገች። የዳምጤ ዓይንም ወደዚያ ነጠላ ሄደ።

«እንግዳ አለብኝ» አለች በዝግታ።

ዳምጤ አልገባኝም አላለም። ነጠላውን ብዙ አየው፤ እጁም ሳያውቀው ወደ ገዛ አፉ ሄደ፤ በልጅነቱ አፉን በነጠላ የሸፈነለት ሰው እንደነበር ሁሉ። ውጭ ሰው ሲያልፍ ተሰማና ዳምጤ ወደ በሩ ዞረ። ኮቴው ራቀ።

«አባ ገብረ መስቀል ቤት» አለ ዳምጤ በሹክሹክታ፣ «የጓሮ መግቢያ አለው?»

«አለው» አለች ዘቢደር። «ብቻ ጎመናቸውን እንዳይረግጡባቸው።»